የባድሩ ፊት በረመዳን

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ያለችው የልብስ ስፌት ሱቅ የእኔ ናት። አንዳርጋቸው እባላለሁ። ሃያ ዓመት እዚያች በር ላይ ስቀመጥ ያላየሁት ሰው የለም፤ ያየሁትን ይዞ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንልኝም። ሚስቴ "አንተ ጨርቅ ከመለካትህ በፊት ሰው ትለካለህ" ትለኛለች፤ አትዋሽም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ባድሩ ፊት ነው። ስለ ሰው ፊት ምን ይወራል እንዳትሉ፤ በዚህ ፊት ምክንያት አንድ ትዳር ሊቀር ለትንሽ ነው የተረፈው። እዚያ ካደረሱት ሰዎች አንዱም እኔው ነኝ።

ባድሩ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከእኔ አሥር ዓመት ያንሳል፤ ጋሼ ነው የሚለኝ። ቀይ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ተሳፋሪ ጃንጥላ ቢረሳ እስከ በሩ ወስዶ የሚመልስ። ሶላቱን አያጓድልም፤ መጠጥ ይቅርና ሲጃራ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ይህን የምለው ሊጠጣ ይችል የነበረውን ሰዓት ሁሉ እኔ ፊት ለፊት ስለሚውል ነው።

ፊቱ መጀመሪያ የተቆጣው በ2010 ነው። ለውጡ የመጣ ሰሞን የድጋፍ ሰልፍ ተብሎ ከተማው ነቅሎ ወጣ፤ ባድሩም ባጃጇን በባንዲራ አስጊጦ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋለ። ማታ ጉንጩና አፍንጫው ፍም መስሎ ነበር። ማንም ልብ አላለውም፤ ያን ቀን ስንጮህና ስንዘፍን ውለን ሁላችንም ቀልተናል። የእኛ በማግስቱ ለቀቀ። የእሱ ግን ይመጣና ይሄድ ጀመር፤ ሲመጣ ይለበልበዋል፣ ሽፍታ ያወጣል፣ አፍንጫው ላይ ቀጫጭን የደም ሥር ይሰመራል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ ከተማው ውስጥ ቤንዚን አልነበረም። ባድሩ ባጃጇን እኔ ሱቅ ጓሮ አስገባና ካርቡራተሩን ፈታ፤ በፌስታል ይዞ እናቱን እየደገፈ በእግሩ ወጣ። "ያለዚህ አትነሳም ጋሼ፤ ማንም አይወስዳትም" አለኝ። እውነትም ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ የእኔ የስፌት መኪና የለም፤ የእሱ ባጃጅ ግን አቧራ ለብሳ ቆማ ጠበቀችን። እኔ ከደሴ የወንድሜን አሮጌ መኪና ተውሼ ሥራ ጀመርኩ፣ እሱም ካርቡራተሩን መለሰ። በፀሐይና በንፋስ ሲንከራተት የከረመው ፊቱ ግን በቀላሉ የሚመለስ አልሆነም።

ያኔ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ባዶ ነው። ባድሩ ከመንገድ ዳር ነጋዴ "ፊት ያጠራል" የተባለ ቅባት ገዛ፤ ቱቦው ላይ የምትስቅ ሴት ሥዕል አለችበት። በሳምንቱ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ። አንድ ቀን ሳይቀባ ሲውል ግን ካለፈው ብሶ ተነሳበት። ሲቀባው ይተኛል፣ ሲተወው ይነሳል፤ ቅባቱ ጌታ ሆነበት።

ይህ ሁሉ ቢሆን ባይሆን ግድ አይሰጠውም ነበር፤ ሒክማ ባትኖር። ሒክማ የእህል ነጋዴው የሐጂ እንድሪስ ልጅ ናት። ማክሰኞና አርብ ደሴ ኮሌጅ ስትማር ውላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከሚኒባስ ተራችን ላይ ትወርዳለች። የባድሩ ባጃጅ ካለች በእሷ ትሄዳለች፤ ከሌለች ቆማ ትጠብቃለች። ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል፣ የቀሩት አባቷ ናቸው። በ2016 ጥር ላይ ሦስት ሽማግሌ ሆነን ሄድን፦ አባ ኑርዬ የሚባሉት የሰፈራችን አዛውንት፣ የባድሩ አጎትና እኔ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ ሙስሊም ክርስቲያን ተብሎ አይለይም፤ እኔም አፌን ስለማይዘኝ ነው መሰለኝ ሁልጊዜ እላካለሁ።

ሐጂ "እናስብበት" አሉን። የካቲት ላይ ተመልሰን ሄድን። በዚህኛው ፍርጥ አድርገው ነገሩን።

"ልጁ ደግ ነው" አሉ። "እናቱን በእግሩ ደሴ ያደረሰ ልጅ ነው። ግን ፊቱን አይታችሁታል? እዚያ ሐይቁ ዳር፣ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ፊቱ ቀልቶ ያዩት ሰዎች አሉ።"

"ሐጂ፣ እዚያ በር የሚቆመው ተሳፋሪ ሊያወርድ ነው" አልኩ።

"ቁርኣን ይዞ ይማልልዎት" አሉ አባ ኑርዬ።

"አላስምለውም። ዋሽቶ ቢምል ወንጀሉ ለእኔም ይተርፋል። እውነተኛ ከሆነም ያለ ጥፋቱ አዋረድኩት ማለት ነው።" ሐጂ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ። "ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል። በረመዳን እዚህ አገር ማንም አይጠጣም። ፊቱን ያኔ አየዋለሁ።"

እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት እየዘለልኩ ነው። ለካ ፈተናው ይህ ብቻ ነው! እስከ ረመዳን ፊቱን እናጠራዋለን፣ ሐጂ ያዩታል፣ አለቀ። አባ ኑርዬ "ቀስ በል፤ ሰውየው ምን እንዳሰቡ ገና አልገባኝም" አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

በማግስቱ ባድሩን ይዤ ደሴ ሄድኩ። የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቱን በመብራት ካየች በኋላ ያን የምትስቅ ሴት ያለችበትን ቱቦ ከእጁ ወሰደችው።

"ይሄ ስቴሮይድ አለበት" አለች። "ፊትህ ላይ ከዛሬ ጀምሮ አይደርስም። ስትተወው ለተወሰኑ ሳምንታት ይብስብሃል፤ እኔ የማዝልህን እየወሰድክ ቻለው። በሽታህ ሮዜሺያ ይባላል። አይተላለፍም፣ ከቆሻሻም የመጣ አይደለም። የፊትህ ደም ሥሮች ቶሎ የሚቆጡ ናቸው። ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም፤ የሚያስቆጣቸውን ካወቅህ ግን አብረህ ትኖራለህ።"

"የሚያስቆጣቸው ምንድን ነው?" አልኩ እኔ ቀድሜ።

ወረቀት ላይ ጻፈችልን፦ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ንፋስ፣ ትኩስ መጠጥ፣ የሚያቃጥል ምግብ፣ አልኮል፣ ሳሙና፣ ንዴት፣ ድንጋጤ። "ሰው ሁሉ ላይ ሁሉም አይሠራም" አለች። "አንዱን የሚያስነሳው ሌላውን አይነካውም። የአንተን አንተው ፈልገህ ታገኘዋለህ። በየቀኑ ምን በላሁ፣ የት ነበርኩ፣ መቼ ቀላሁ እያልክ ጻፍ።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚህ የጣመኝ ሥራ አግኝቼ አላውቅም። እዚያው ደሴ ደብተር ገዛን፤ ሚኒባሱ ውስጥ መስመር አሰመርኩበት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የበላው የጠጣው፣ የነበረበት፣ ፊቱ፣ ምክንያት። ባድሩ ይጽፋል፣ እኔ ከበሬ ላይ ሆኜ እመረምራለሁ። ተሳፋሪ ቢኖር ባይኖር መንገዱን አቋርጬ ሄጄ ጉንጩን አየዋለሁ። ሌሎቹ ሹፌሮች "ዶክተር መጣ" ይሉኝ ጀመር።

መጀመሪያ የፈረድኩት በበርበሬ ላይ ነው። ምን ጥርጥር አለው፤ ከበርበሬ ሌላ ምን ያቀላል? ባድሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጫ በላ። እናቱ ምግቤ ምን ሆነ ብለው አኮረፉኝ፣ ሱቄ ደጅ ሲያልፉ ሰላምታ እንኳ ነፈጉኝ። ፊቱ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም፤ እንዲያውም ሐኪሟ እንዳለችው ቅባቱን በመተዉ ባሰው። ሚጥሚጣ ትንሽ ትለበልበዋለች፣ በርበሬው ግን ንጹሕ ነው። ሄጄ እናቱን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቀይ ወጥ አብልተው ይቅር አሉኝ።

ሁለተኛው ሻይ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ልቤ መምታት የጀመረው። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ከተራው ሻይ ቤት የሚፋጅ ሻይ ጠጣ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጉንጩ ተነሳ። ሻይ ነው ብዬ ልጽፍ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ረቡዕ እዚያው ቤት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርጭቆ፣ በዚያው ስኳር አስቀዳሁለትና "እስኪበርድ አትንካው" አልኩት። ለብ ሲል ጠጣው። እኔ ሰዓቴን ይዤ ቆሜያለሁ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፤ ምንም የለም። ሻዩ አይደለም፣ ትኩሳቱ ነው! እየጮህኩ መንገዱን ስሻገር አንድ አህያ ደነገጠችብኝ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘን። ባድሩ ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ ፊቱን ሲታጠብ፣ ይጠራል ብሎ በልብስ ሳሙና ይፈገፍገው ነበር። ሳሙናውን ከፊቱ አራቅን፤ ውሃ ብቻ፣ ከዚያ እኔ ከለስላሳ ጥጥ በቆረጥኩለት ጨርቅ ሳያሽ ማድረቅ። ፀሐይዋንም ያዝናት። ጠዋት ሰው ወደ ሐይቁ ሲያደርስ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ናት፤ ከሰዓት ወደ ከተማ ሲመለስ እሷም ዞራ እንደገና ፊት ለፊቱ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ልጅ ፀሐይን ሲጋፈጥ ነው የኖረው! ለባጃጇ ከፊት በኩል ዝቅ የሚል አረንጓዴ መጋረጃ ሰፋሁላት፣ ለእሱም ዙሪያው ሰፊ የሆነ ቆብ። ሲነፍስ ደግሞ ፎጣ ጉንጩ ላይ ይጠመጥማል። ሐኪሟ ያዘዘችውን የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ጠዋት ጠዋት ይቀባል።

አንድ ነገር ብቻ አልፈታ አለኝ። ፀሐይ በሌለበት፣ ሻይ ባልጠጣበት፣ ቆሞ ባለበት ፊቱ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ምክንያት በሚለው ሥር ባድሩ "ያልታወቀ" ብሎ ይጽፋል። "ምንድን ነው ይሄ?" ስለው ጎንበስ ብሎ ጎማ ይመለከታል። "እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ" ይላል። ሰዓቱን ሳየው አመሻሽ ላይ ነው፣ ሚኒባስ ሲገባ። የሚኒባስ ጭስ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ሚኒባስ ሲመጣ ራቅ ብለህ ቁም ብዬም አዘዝኩት። በሁሉ ነገር የሚታዘዘኝ ልጅ በዚህ አልታዘዝ አለኝ።

ረመዳን ገባ። ባድሩ ቀን አይበላም አይጠጣም፣ ማታ ሾርባውን አብርዶ ይጠጣል፤ እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ። በሳምንቱ ፊቱ ጠራ። ስላችሁ ጠራ፤ ሽፍታው ጠፋ፣ ቅላቱ ለቀቀ፣ አፍንጫው ላይ ያሉት ክሮች እንኳ ደበዘዙ። ስመለከተው ዕንባዬ መጣ። ከዐሥር ሶላት በኋላ አስታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሼ በቀጥታ ሐጂ መጋዘን ይዤው ሄድኩ።

"ይኸው ሐጂ" አልኩ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ደርሷል። "ይዩት።"

ሐጂ ከጆንያዎቹ መሃል ተነስተው መጡና ፊቱን አዩት። በጥሞና አዩት። ከዚያ ተክዘው ቁጭ አሉ።

"ማሻአላህ፣ ጠርቷል" አሉ። "እኔ ግን አይጠራም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።"

"እንዴት?" አልኩ።

"አንዳርጋቸው፣ ሕመም ቢሆን ረመዳን ያውቅ ነበር ወይ? መጠጡን ሲተው ጠራ። ለአላህ ወር ብሎ ተወው፣ ደግ አደረገ። ወሩ ሲወጣስ? ልጄ የምትኖረው አሥራ አንዱን ወር ጭምር ነው።"

የሐኪሟን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳረፉ። "አልኮል" ይላል። "ይኸው ሐኪሟም ጽፋዋለች" ብለው መለሱልኝ። ባድሩን ዞር ብዬ አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ መቀሴን ወስጄ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። አንድ ወር ሙሉ ደክሜ ያጠራሁት ፊት እንደ ማስረጃ ቀረበበት። ፈተናው ከመጀመሪያው ተገልብጦ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ወደ ተራው ስንመለስ "ስደበኝ፣ ምታኝ" አልኩት።

ባድሩ ባጃጇን አቆመ። "ጋሼ፣ እንዴት እንደሚተኛ ካወቅን እንዴት እንደሚነሳም አውቀናል አይደል?" አለ። "እሳቸው ፊት፣ በጾም፣ ቀን በቀን ላስነሳዋ።"

አያችሁ፣ ረጋ ያለ ሰው ሲያስብ እንዲህ ነው። ያን ያህል የሚለበልበውን ነገር ወዶና ፈቅዶ ሊጠራው ነው። በዚያው እግሬ ተመልሼ ሐጂን ለመንኳቸው፦ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ጎህ ሳይቀድ ከሚበላው ሱሁር እስከ ዐሥር ሶላት ከጎንዎ አይለይ፤ ምን እንደበላ ምን እንደጠጣ በዓይንዎ ይዩ፤ ፊቱ ከቀላ ያኔ ይፍረዱ። ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። "ሐሙስ አርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ጋ የዘር እህል ልይ እሄዳለሁ" አሉ። "በእሱ ባጃጅ ልሂድ። ሱሁርንም እኔ ቤት ይብላ። አብሽር በለው።"

ሐሙስ ጠዋት አረንጓዴውን መጋረጃ ራሴ ፈታሁት። ቆቡን ከራሱ ላይ አንስቼ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት። የፀሐይ ቅባቱንም እንዳይቀባ አደረግሁ። ሐጂ አጠገቤ፣ ባድሩ ከፊታችን፣ ሦስት ጾመኞች ሆነን ወጣን። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ከአምባሰል ተራሮች ጀምሮ እስከ አርዲቦ ድረስ ደመና ነው፤ የበልግ ደመና፣ ወፍራም፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው።

አብሽር፣ ይገፈፋል አልኩ በልቤ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ደመና። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ደመና። ሐጂ ከገበሬ ጋር ጤፍና ማሽላ እየዘገኑ ሲያወሩ እኔ የባድሩን ጉንጭ አያለሁ፤ እንደ ጠራ ነው። ንፋስ እንዲመታው "ፍጠን እንጂ ባድሩ" አልኩ። ፈጠነ፤ እኛን በረደን እንጂ እሱን ምንም አላለውም። ላናድደው አሰብኩና "አነዳድህ ሁልጊዜም አይረባም" አልኩት። "እውነትህን ነው ጋሼ" ብሎ አዘገመ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተደርጎ ይናደዳል? በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያ ፊት እንደዚያ ቀን ሰላም አግኝቶ አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አርዲቦ ዳር ቆምን። ቀኑ ማለቁ ነው። ባድሩ በሐይቁ ቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ አደረገ፤ ለኔ የመጨረሻዋ ተስፋም በዚያ ውሃ ታጠበች። ሁለቱ ሣሩ ላይ ሰገዱ። እኔ ባጃጇ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለሒክማ ምን እንደምላት አስባለሁ። ልጅቷ ጠዋት ስንወጣ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ እኔ ነው ያየችው።

ሐጂ ሰግደው ሲመለሱ ከመሪው ሥር የተሸጎጠ ደብተር አዩ።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"የፊቴ ደብተር ነው ሐጂ" አለ ባድሩ።

መነጽራቸውን አደረጉና እዚያው ቆመው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። "ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት፣ ትኩስ ሻይ፣ ቀላ። ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት፣ ያው ሻይ በርዶ፣ ደህና።" ፈገግ አሉ። "ስለ ሻይ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"እኔ ነኝ ያስጨነቅሁት" አልኩ።

አንድ ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገለጡ። "ይህቺ 'ያልታወቀ' የምትላት ምንድን ናት?"

ባድሩ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ተመለከተ።

"እሷማ የሚኒባስ ጭስ ናት" አልኩ።

አልሰሙኝም። ጣታቸው መስመሩን እየተከተለ ይወርዳል። "ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ያልታወቀ። አርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ያልታወቀ። ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። አርብ…" ጣታቸው ቆመ። ማክሰኞና አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ማን ከሚኒባስ እንደሚወርድ ከሐጂ እንድሪስ በላይ የሚያውቅ የለም። እስክትገባ ድረስ በር ላይ ቆመው የሚጠብቋት እሳቸው ናቸው። ሐጂ ቀስ ብለው ቀና አሉና ባድሩን አዩት።

ያኔ ጀመረ። ከአንገቱ ሥር ነው የተነሳው፤ ወደ ጆሮው ወጣ፣ ጉንጩን ያዘ፣ አፍንጫውን አዳረሰ። በዚያ ሁሉ ደመና፣ በዚያ ብርድ፣ ፊቱ ላይ ገና የሐይቁ ውሃ ሳይደርቅ፣ ግንባሩ ድረስ ቀላ።

"ከሱሁር ጀምሮ ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቀልኩም" አሉ ሐጂ። "ውሃ እንኳ በጉሮሮህ አልወረደም።"

"አልወረደም ሐጂ።"

"ፀሐይም የለችም።"

"የለችም።"

"ሒክማ ናት?"

ባድሩ አንገቱን ደፋ። ፊቱ ይብሱን ነደደ። ሐጂ ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። "ያ ረቢ፣ እኔ የሰውን ልጅ ምን ጠረጠርኩት" አሉና ከሸሚዛቸው ኪስ እስክሪብቶ አወጡ። ደብተሩን ባጃጇ ጣሪያ ላይ ዘርግተው "ያልታወቀ" የሚለውን አንድ በአንድ ይሰርዙ ጀመር። ሰባት ቦታ ነበር። በእያንዳንዱ አጠገብ፣ በዚያ የጆንያ ስም በሚጽፉበት ወፍራም እጅ ጽሑፋቸው፣ "ሒክማ" ብለው ጻፉ።

ደብተሩን ዘግተው ለባድሩ ሰጡት። "ከኢድ በኋላ ሽማግሌዎችህን ላክ" አሉት። "ኒካሁን ጠዋት እናደርገዋለን፣ ፀሐይ ሳትበረታ። አንዳርጋቸውም ይምጣ፤ ግን እንዳይናገር።"

እኔ የት ሆኜ ልስማቸው፤ ሣሩ ላይ እየዘለልኩ ነበር። በዚያው ቅጽበት ደመናው ተከፈተና ቀኑን ሙሉ ስለምናት የዋልኳት ፀሐይ ብቅ አለች፤ ሐይቁን አብርታ በቀጥታ ባድሩ ላይ ወደቀች። ሐጂ ቶሎ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ከለሉለት።

"ቆብህ የት አለ፣ ልጄ?" አሉ።

ቆቡን ስቀመጥበት የዋልኩት እኔ ነኝ። ሮጬ ከወንበሩ ላይ አነሳሁና አራግፌ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም በገዛ እጃቸው ራሱ ላይ አደረጉለት።